መጀመሪያ ወይኑ፣ ኋላ ማማው

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው አንድ የመጋቢት ሐሙስ ነው፤ ከምሳ በኋላ። ሌላው ሰው በፍቅር ይበላሻል፣ በፖለቲካ ይበላሻል። እኔን ያበላሸኝ ፈረንሳይ አገር፣ የወይን እርሻ መሃል የቆመ ግንብ ነው። አትሳቁ፤ ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ታሪክ ያስተምሩን የነበሩት ዶክተር መኩሪያ፣ ፈረንሳይ ሲማሩ አንዱን ክረምት ያን ግንብ እያዩ ወይን ሲለቅሙ አሳልፈዋል። ሲያወሩለት የአባታቸው ርስት ይመስል ነበር። ከግንቡ ማማ ሥር፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የተነሡት ፎቶ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ይዞራል። ከዚህ ማማ ላይ ባላባቶች ቀስት ይወረውሩ ነበር ይሉናል። እኛም እንጽፋለን።

ያን ሐሙስ ፎቶው እኔ እጅ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዶክተሩ ክርን ጀርባ ከማማው ጋር የተጣበቀው የወይን ጠጅ ማከማቻ መስኮት ይታያል። ግን ግማሽ መስኮት ነው፤ ግማሹን ማማው ደፍኖታል። መስኮት ሲኖር አይደል እንዴ የሚደፈነው? እጄን አወጣሁ። ማከማቻው ማማውን ይቀድማል አልኩ። ባለቤቱ በወይን ከከበረ በኋላ የድሮ ባላባት ለመምሰል፣ ሥዕሉንም ጠርሙሱ ላይ ለመለጠፍ ያቆመው ነው፤ ቀስት የሚባል አይቶ አያውቅም አልኩ።

"መጀመሪያ ወይኑ፣ ኋላ ማማው።"

ክፍሉ ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቁም። ፎቶውን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ለፈረንሳይ የትምህርት ዕድል የታጨሁት እኔ ነበርኩ። የሄደው ሌላ ሆነ፤ ማማው የጦር ነው ብሎ የጻፈው።

እኔ ይኸው ሲያትል ነኝ። ከሊንውድ ሰፈር እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በቫን መንገደኛ አመላልሳለሁ። ደህና ነኝ ስላችሁ ከልቤ ነው። ልጆቼ ጤነኞች ናቸው፣ ቫኗም ጤነኛ ናት፣ ባለቤቴ ስንዱ ደግሞ ሳቅ አታጣም። ይህን ታሪክ ስጀምርባት፣ ፈረንሳይ ሄደህ ቢሆን እኔን የት ታገኘኝ ነበር ትለኛለች። አብሬያት እስቃለሁ። ቢሆንም መስኮቱ ግማሽ ነው።

ባለፈው ሰመር የስንዱ ጓደኛ ልጅ ተዳረች። እዚህ ሠርግ ያለ ፎቶ ፕሮግራም አይሆንም። ሐበሻው ሁሉ ሙሽራ ይዞ ከከተማ ወጣ ወዳለ አንድ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ይነዳል። የፈረንሳይ ግንብ አስመስለው ሠርተውታል፤ ማማው ሳይቀር። ሙሽሮቹ ማማው ሥር ይሳሳማሉ፣ ሚዜዎቹ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ ቪዲዮ አንሺው ሁሉንም እንደ ሻለቃ ያዛል። ቫኗን ፓርክ አድርጌ ስመለስ፣ ፌደራል ዌይ ከምትባል ከተማ የመጡ አንድ የሙሽራዋ አጎት፣ ልጆች ሰብስበው ስለ ማማው ያስረዳሉ። ጠጋ ብዬ አየኋቸው። ዶክተር መኩሪያ ናቸው።

"ይኼ የጦር ግንብ እንዳይመስላችሁ" ይላሉ። "ለገበያ የተሠራ ነው። ፈረንሳይም እንዲሁ ናት። መጀመሪያ ወይኑ፣ ኋላ ማማው።"

ልጆቹ በእንግሊዝኛ "ኩል" አሉ። ያ የእኔ ቃል ነበር።

ሄጄ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። "ዶክተር፣ አወቁኝ?"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "የመስኮቱ ልጅ አይደለህ እንዴ?"

አልረሱትም ማለት ነው። ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቪዲዮ አንሺው "ሽማግሌዎች ወደ መሃል!" አለ። አዳራሽ እንጨዋወታለን ብለውኝ ሄዱ።

አዳራሹ ውስጥ ስንዱን ከወንበሯ አስነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ዶክተር፣ ያ ማማ" ከማለቴ ከእጃቸው ጉርሻ መጣ። ራሱ ማማ የሚያክል ጉርሻ። ከሽማግሌ እጅ የመጣ ጉርሻ ይመለሳል? አኘክሁ። እሳቸው ስለ ሲያትል ዝናብ አወሩ። እንደ ምንም ውጬ "ያ መስኮት" ስል ሌላው ደረሰ። ስንዱ ከማዶ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ክትፎው ደግሞ፣ መካድ አልችልም፣ ግሩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክርስትና ላይ ተገናኘን፣ ምርቃት ላይ ተገናኘን። ትሪ ባለበት ሁሉ እጃቸው ምላሴን ይቀድመዋል። ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ጠይቋል። ስንዱ፣ ካሳህን እየበላህ አይደል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ትለኛለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ የሚጣፍጥ ካሳ የተከፈለው ተበዳይ እኔም አላየሁም።

ግን ጽሑፍን በጉርሻ ዝም ማሰኘት አይቻልም፤ ስለዚህ ጻፍኩት። ዶክተር፣ እጅዎን ከትሪው ያንሡና ይመልሱልኝ፦ ያ ማማ መቼ ተሠራ?