ክብርት ጉምሩክና የተያዙት ስልኮች

ትምህርት ቤት ያለ ደወል ሊከፈት ይችላል፤ ያለ ቤተ መጻሕፍትም ሲከፈት አይተናል። ያለ ስልክ ነጣቂ ግን ተከፍቶ አያውቅም። የእኛዋ ስልክ ነጣቂ የሥነ ሥርዓት ኃላፊዋ ናቸው፤ ተማሪው «ጉምሩክ» ይላቸዋል። እኔ የሳይንስ መምህሩ ዕድሜያቸውን ስለማከብር ፊት ለፊት «እትዬ»፣ በልቤ ደግሞ «ክብርት ጉምሩክ» እላቸዋለሁ።

ክብርት ጉምሩክ ጠዋት በር ላይ ከቆሙ የሚያመልጥ ስልክ የለም። ካልሲ ውስጥ የተደበቀ፣ ዳቦ ውስጥ የተቀበረ፣ በተቦረቦረ መዝገበ ቃላት ሆድ የተኛ፣ ሁሉንም አውጥተዋል። በሩን ያለፈውን ክፍል ድረስ ሄደው ይይዙታል። «ጉልበቱን እያየ ፈገግ የሚል ተማሪ ጤነኛ አይደለም» ይሉና መስኮት ሥር ቆመው ፈገግታ ያድናሉ። የተያዘው ሁሉ ቢሯቸው ያለው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። «ስልኩ ይረፍ፤ አንተ ተማር» ብለው ይቆልፉበታል።

መሳቢያው ሲጮህ ታዲያ ዝም አይሉም፤ ያነሳሉ።

«ሄሎ፣ የእኔ ፍቅር» አለች አንድ ቀን አንዲት ልጅ፣ እኔ ፊታቸው ተቀምጬ።

«ፍቅርሽ ሒሳብ እየተማረ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «አንቺስ በዚህ ሰዓት ክፍል የለሽም?»

እናቶች ሲደውሉ ግን ድምፃቸው ይለሰልሳል። «ዳቦ ገዝቶ ይምጣ? ስንት? እሺ፣ እነግርልሻለሁ።» በዚህ ዓይነት የሰፈሩን ጓዳ ሁሉ ያውቃሉ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በራሳቸው ስልክ እንዲማሩ ፈቀደ። ቅጠል ፎቶ ያነሳሉ፣ የልብ ምታቸውን ይለካሉ፣ ጥያቄዬን በስልካቸው ሲመልሱ ስማቸው ግድግዳው ላይ ይበራል። እግሬ መሬት አልነካ አለ። ክብርት ጉምሩክ ግን እስረኛ እንደሚያስፈታ ሰው ያስለምኑኝ ጀመር። «አርባ ደቂቃ» ይላሉ መሳቢያውን እየሳቡ። «ከዚያ ወደ ማረፊያቸው።»

ስልክ የሌላት አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረችኝ። ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር አብራ እንድትሠራ አደረግኩ፤ ያቺ ደግሞ «ባትሪዬ ያልቅብኛል» ብላ ስልኳን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ዝምተኛዋን ራሷን ያማታል፤ ትወጣለች። ጎበዝ ነበረች፣ ሳይንስ የምትወድ። በዚህ ከቀጠለች ትምህርቱን ልትጥለው ነው ብዬ ተጨነቅኩና መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለክብርት ጉምሩክ ነገርኳቸው።

«ስልክ ይቅርባችሁ ብዬ ነበር» አሉኝና ሻያቸውን ጠጡ። ደሜ ፈላ።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው።

«አንቺ፣ ቦርሳሽን ክፈቺ እስቲ።»

ዝምተኛዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ስልክ አወጣች። ተማሪው ሁሉ ቆሞ ያያል።

«ይሄ ወላጅ ሳይመጣ አይመለስም። ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ብቻ ትወስጂዋለሽ።»

«እሷም ተያዘች እኮ» አለ አንዱ በአድናቆት።

ቅጣቱ በዛባት ብዬ ልከራከር ሄጄ «ደንብ ደንብ ነው» ተባልኩ። ወላጅም አልመጣ። የልጅቷ ራስ ምታት ግን ድራሹ ጠፋ፤ ስሟም ግድግዳው ላይ ከሁሉ ቀድሞ መብራት ጀመረ። ቤተሰቦቿ እንደምንም ገዝተውላት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ስልኮቹን ለክፍሉ ካደልኩ በኋላ የፕሮጀክተሩ ገመድ ክብርት ጉምሩክ ቢሮ መቅረቱ ትዝ አለኝ። ሦስት ፎቅ መውረድ ሰነፍኩና ደወልኩላቸው።

ሦስተኛው ወንበር ላይ ስልክ ጮኸ።

ዝምተኛዋ ልጅ ደንግጣ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ቀና ብላ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየች፤ ከዚያ እኔን። ያቺ ባትሪዋ የሚያልቅባት ጎረቤቷ የደዋዩን ስም ለማንበብ አንገቷን አስግጋለች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ የበሩ ላይ ቁጣም፣ የማይመጣው ወላጅም። ጥሪውን አቋርጬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

«ክፍል ውስጥ ስልክ እንዲህ ይጮሃል?» አልኩ ኮስተር ብዬ። «ድምፁን አጥፊና ወደ ሥራሽ።»

«ማን ነው?» አለቻት ጎረቤቷ።

«አክስቴ ናት» አለች። እንዲህ አክስት ሆኜ አረፍኩት።

ስልኮቹን ስመልስ ክብርት ጉምሩክ አንድ በአንድ ወደ መሳቢያው እየከተቱ ቆዩና አንዱን ገልብጠው አዩት።

«ደውለህ ነበር?»

«አልደወልኩም፣ እትዬ። በስህተት ነክቼው ይሆናል።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ሁለተኛ እንዳትነካው» አሉና ቆለፉ።

ስልካቸው እንዴት የልጅቷ ቦርሳ ውስጥ እንደገባ አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም። እኚህን ሴትዮ በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። መምህራኑ «አንዳንዴ ሲደወልላቸው አያነሱም፤ ምን ያኮራቸዋል?» ብለው ሲያሟቸው፣ እኔም አብሬ አማቸዋለሁ። ስፈልጋቸው ግን አልደውልም፤ ሦስቱን ፎቅ ወርጄ እሄዳለሁ።