የሱሉልታ ብርድ

ሱሉልታ ውስጥ ሐኪም ለመሆን መማር ያስፈልጋል እንዴ? «ብርድ ነው» ማለት ከቻላችሁ ይበቃል። ሰው ቢያስለው ብርድ፣ ወገቡን ቢያመው ብርድ፣ ትዳሩ ቢፈርስም ብርድ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት አገልግያለሁ።

ጎረቤቴ ኦቦ ዳዲ ዕድሜያቸውን ድንጋይ ካባ ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸው። ሳላቸው ጫንጮ ድረስ ይሰማል። ባሳላቸው ቁጥር እኔ ጋቢ እደርብላቸዋለሁ፤ የጤና ጣቢያው ወጣት ሐኪምም «ብርድ ነው» እያለ ለዓመታት ሽሮፕ ሲያዝላቸው ኖረ።

ባለፈው ወር ሐኪሙ ስለ ሳንባ በሽታ ሠልጥኖ መጣ። የድሮ ካርዶችን ሲያገላብጥ ደነገጠ፤ የኦቦ ዳዲን ሥራ ከሰው አጣርቶ እሳቸውን ፍለጋ ወጣ። ቤታቸው ዳገት ላይ ነው፤ ወርዶ መመለስ ካቃታቸው ከርሟል። እያለከለከ ሲገባ እኔ ሦስተኛውን ጋቢ እያለበስኳቸው ነበር።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራዎ ምን እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁዎትም። የድንጋዩ አቧራ ሳንባዎን ሳይጎዳው አልቀረም» አላቸው።

ኦቦ ዳዲ አንዱን ጋቢ ገፈው ትከሻው ላይ ጣሉለት። «ቁጭ በል ልጄ፤ እንዲህ የሚያስለከልክህ ብርድ ነው።»

ሦስታችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ጋቢው ተዘረጋ፤ አፍሬ መለስኩት።