ሁለገብ መሐንዲስ ፍለጋ

(ዘመኑ የደርግ፣ ቦታው ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ወደ እሪ በከንቱ ሲወረድ ያለች አንዲት የጥገና ሱቅ ናት። የኮሌጅ መምህሩ እምሩ የወረቀት ማባዣ ማሽን በታክሲ ጭኖ መጥቷል። የሱቁ ባለቤት ገነነ ከሬዲዮ እስከ ስፌት መኪና የማይነካው ነገር የለም፤ ቸኩሎ መናገር ግን አይሆንለትም። እምሩ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚገባው ይመስለዋል።)

እምሩ፦ የማሽኑ ፊት በዚህ በኩል ነው አልኩህ እኮ!

ገነነ፦ እኔማ እጀታው ያለበት መስሎኝ።

እምሩ፦ እጀታ ጎን ነው! ጎን እንዴት ፊት ይሆናል? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መሐንዲስ ያፈራሁ ሰው ነኝ!

ገነነ፦ (ማሽኑን እያዞረ) እሺ፣ ፊቱ ይሁን። ጋሼ፣ ግን የፈቃድ ደብዳቤ ይዘዋል? በዚህ ጊዜ ማባዣ ታቅፎ ፒያሳ ላይ መታየት... ወረቀት በታኞች ናቸው ብለው እኛን እንዳይበትኑን።

እምሩ፦ ይኸው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ! የማባዛው ሥርዓተ ትምህርት ነው። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለኮሚቴው ዘጠኝ ቅጂ ካላደረስኩ የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ። ፕሮግራሙም ይሰረዛል፣ እኔም የሰው መሳቂያ ሆኜ እቀራለሁ።

ገነነ፦ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

እምሩ፦ (ኮሌታውን አስተካክሎ) ሁለገብ ምህንድስና! ኤሌክትሪኩንም፣ መካኒኩንም፣ ግንባታውንም አንድ ላይ የሚያውቅ መሐንዲስ ልናወጣ ነው።

ገነነ፦ እንደኔ?

እምሩ፦ (ከት ብሎ ሳቀ) አንተማ ጠጋኝ ነህ። እሱ በሳይንስ ነው።

ገነነ፦ እሺ። ይሄንንስ ምን ነካው?

እምሩ፦ አይዞርም።

ገነነ፦ ኮሌጅ ሙሉ መሐንዲስ እያለ?

እምሩ፦ አዩት እንጂ! የኤሌክትሪኩ አባይነህ ከፍቶ አየና «ችግሩ መካኒካል ነው» አለ። የመካኒኩ መርሻ ከፍቶ አየና «ኤሌክትሪክ ነው» አለ። የግንባታው ኪዳነማርያም ሳይከፍት አየና «ጠረጴዛው ተንጋዷል» ብሎ ሄደ።

ገነነ፦ ሦስቱ አብረው አላዩትም?

እምሩ፦ እንዴት አድርገው? አባይነህና መርሻ በአንድ የላቦራቶሪ ቁልፍ ከተኮራረፉ አራት ዓመታቸው!

ገነነ፦ ታዲያ ሁለገቡን ትምህርት ማን ነው የሚያስተምረው?

እምሩ፦ እነሱ ናቸዋ! አባይነህ ኤሌክትሪኩን፣ መርሻ መካኒኩን፣ ኪዳነማርያም ግንባታውን።

ገነነ፦ የት ላይ ይገናኛል?

እምሩ፦ ምኑ?

ገነነ፦ ትምህርቱ።

እምሩ፦ ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ነዋ!

ገነነ፦ (ካቻቢቴውን እያነሳ) ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ክፍል ማስገባት አቃታችሁና፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ከተታችኋቸው?

እምሩ፦ ግዴለም፣ ቀስ እያለ ይገባሃል።

ገነነ፦ ስንት ዓመት ይፈጃል?

እምሩ፦ መጀመሪያ አምስት ነበር። አባይነህ «ከኮርሶቼ አንዷ ከተነካች ድምፄን አልሰጥም» አለ፤ ሁሉንም አስገባሁለት። መርሻ ይህን ሲሰማ የሱንም ቆልሎ አመጣ። ኪዳነማርያም «ድልድይ የማያውቅ መሐንዲስ አላስመርቅም» አለ። የፖለቲካው ትምህርት ደግሞ ግዴታ ነው።

ገነነ፦ አሁን ስንት ደረሰ?

እምሩ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አሥራ አንድ።

ገነነ፦ ወር?

እምሩ፦ ዓመት!

ገነነ፦ ታዲያ ልጁ መቼ ያገባል?

እምሩ፦ ክረምት ላይ።

(ገነነ በካቻቢቴው የማሽኑን ሆድ ከፍቶ፣ አንገቱን አስግጎ ብዙ ቆየ። እምሩ ሰዓቱን እያየ ተቁነጠነጠ።)

ገነነ፦ ጋሼ፣ ይሄ አልተበላሸም።

እምሩ፦ አይዞርም እያልኩህ!

ገነነ፦ ዕቃ ጎድሎት ነው። ሽቦው የለም። ሞላውም የለም።

እምሩ፦ እህ... ሽቦው አባይነህ ጋ ነው። «ሽቦዬ ጤነኛ መሆኑን ለኮሚቴው አሳያለሁ» ብሎ ነቅሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። መርሻም አላንስ ብሎ ሞላውን ወሰደ።

ገነነ፦ የግንባታው ሰውዬስ?

እምሩ፦ እሱ ጠረጴዛውን ወሰደ።

ገነነ፦ (ሳቁን ዋጥ አድርጎ) ሽቦ እኔ ጋ አለ። ሞላ ከስፌት መኪናው አይጠፋም። ጥርሱን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ብሎን ግን የለችም። ያለሷ ሁሉም ለየብቻው ነው የሚሽከረከረው። መጀመሪያም እሷ ላልታ ይሆናል የቆመው። እሷን ማን ወሰዳት?

(እምሩ ጣሪያውን አየ፣ መንገዱን አየ። ቀጥሎ እጁን ኮቱ ኪስ ከተተ። ባለፈው ሳምንት ባልደረቦቹ ሲካሰሱ «እኔስ ምን ቤት ነኝ?» ብሎ የፈታትን ብሎን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።)

እምሩ፦ ገለልተኛ ማስረጃ እንዲኖር ብዬ ነው።

(ገነነ ብሎኗን አነሳ። ገጠመ፣ አጠበቀ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ የተተየበበትን ስቴንስል አለበሰ። ማሽኑ ዞረ። ዘጠኙም ቅጂ ተባዛ፤ እምሩም ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ድሮ ኩራቱ ተመለሰ።)

እምሩ፦ በል፣ እጅህ ይባረክ! አሁን የቀረችኝ አንዲት ድምፅ ናት፤ አራት ለአራት ነን። ነገ ከእደ ጥበብ ማኅበራት የሰፊው ሕዝብ ተወካይ ተብሎ አንዱ ይላካል አሉ። እሱ መቼም ምኑም አይገባው፤ ሰው እጁን ሲያነሳ አይቶ ያነሳል።

ገነነ፦ አያነሳም።

እምሩ፦ አንተ በምን አወቅህ?

ገነነ፦ (ከመሳቢያው የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ) ይኸው፣ ትናንት ነው የደረሰኝ። ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ አይናገርም ነበር፤ አሁን ገና እርስዎ አስረዱኝ።

(እምሩ አነበበ። ደግሞ አነበበ። የገነነ ስምም፣ ማኅተሙም፣ ሦስት ሰዓቱም የማያወላዳ ነበር።)

እምሩ፦ አንተ... ማለቴ እርስዎ... ጓድ ገነነ! እስካሁን ቆመው ነው እንዴ? ቁጭ ይበሉ እንጂ!

ገነነ፦ ሱቁ እኮ የኔ ነው፣ ጋሼ።

እምሩ፦ ታዲያ... እጅዎን ያነሱልኛል?

ገነነ፦ ነገ ይቺን ማሽን ፈታትቼ ይዣት እመጣለሁ። ሦስቱም እርስዎም አንድ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ኮሚቴው ፊት ትገጥሟታላችሁ። ከዞረች አነሳለሁ።

እምሩ፦ (ላቡን እየጠረገ) ካልዞረችስ?

ገነነ፦ ያኔማ ሁለቱንም እጄን ነው የማነሳው! ትምህርቱ እንደሚያስፈልግ በዓይናችን አየን ማለት ነው። አራታችሁም ግን አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆናችሁ ነው የምትገቡት።