ይሄኛው ይበልጣል

አንድ ነገር ለሁለት ሊከፈል ሲል ሳይጠሩት ከተፍ የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ አሳዩኝና ልሙት። የለም። ዳቦ ይሁን፣ የድንበር አጥር ይሁን፣ የሟች ኮት ይሁን፣ ቢላዋው ሳይነሳ እሱ ደርሷል። አንገቱን ወደ ግራ ሰበር፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና ይፈርዳል። የኛው እዚሁ አሰላ፣ ታች ሰፈር ነው ያለው። እናቱ አውቃ ይሁን ሳታውቅ ስሙን ይበልጣል አለችው። እሱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦

«ይሄኛው ይበልጣል!»

ቀኑን ሙሉ ስሙን ሲጠራ ይውላል።

ጉልበቱን የጨረሰው ኢተያ፣ ስንዴ ነጋዴዎች ቤት፣ ሚዛን ላይ ቆሞ ነው። ሲያረጅ ሚዛኑን እዚያው ትቶ መጣ፤ በሽታው ግን አብሮት መጣ። ሚስቱ መንታ የተገላገለች ቀን እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ማንም እንዳይክደኝ። ገባ፣ ልጆቹን አየ፣ አንገቱን ሰበረና «ይሄኛው ይበልጣል» አላት። አራስ ሆና ነው እንጂ ታንቀው ነበር። አንድ ጫማዋን አንስታ ወረወረችበት። እሱን ግን የከነከነው ሌላኛው ጫማ ለምን እንደቀረ ነው።

ለልጅ ልጆቹ ብርቱካን ሲያካፍል እያንዳንዷን ክፋይ ይቆጥራል። አንድ ከተረፈ ጠብ እንዳይነሳ ብሎ ራሱ ይውጠዋል። ለሰላም ሲል ስንት ብርቱካን እንደበላ እግዜር ይወቀው። አንዴ ደግሞ ከገበያ በባጃጅ ስንመለስ «ሒሳቡን በክብደት እንካፈል» አለ። «እማማ፣ እርስዎ የሰው ሩብ ነዎት፣ ሩብ ይክፈሉ። ይቺ እህቴ ግን...» ብሎ አጠገቤ ወዳለችው ሴትዮ ዞረ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም።

እኔ እናቱ የምሆን ስለሆንኩ አንተ ነው የምለው። ስናደድበት ብቻ አንቱ እለዋለሁ። ያን ጊዜ ስሙም አብሮት አንቱ ይሆናል፦ «ክቡር ጋሽ ይበልጣሉ!» እለዋለሁ። ይቺን ሲሰማ በሩን ዘግቶ ይገባል።

ይኼ ሰውዬ የነገሠው ግን ቅርጫ ላይ ነው። ለበዓል በሬ ገዝተን ስናርድ ከሱ በቀር መደብ የሚያወጣ የለም። ኮባውን ያነጥፋል፣ ከጉበቱም ከጎድኑም ከጨጓራውም እየቆነጠረ ለየአንዳንዳችን ይከምራል፤ ክምሩ እኩል ቢሆንም አንዱ ለስላሳው፣ አንዱ ጅማቱ ይበዛበታል። ከዚያ በክምሩ መሀል ይመላለሳል። «ይሄኛው ይበልጣል»፣ አንድ ቁራጭ ያነሳል። «አሁን ደግሞ ያኛው ይበልጣል»፣ ይመልሳል። ሥጋው እስኪቀዘቅዝ፣ ውሻው እስኪያንቀላፋ! በመጨረሻ ሁላችንም የእጣ ምልክታችንን እንሰጠዋለን፤ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ እኔ አዝራር። ባርኔጣው ውስጥ ይከታቸውና ዓይኑን ጨፍኖ እያወጣ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ምልክትህ ያረፈበት ሥጋ ያንተ ነው። አለቀ። ንጉሥም ቢመጣ አይለወጥም።

ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሐምሌ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ሞንታርቦ ጭኖ በሰፈራችን አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፤ የኔ ጆሮ ደግሞ በደህና ቀንም ቢሆን የፈለገውን ነው የሚሰማው። «የከተማችን ፍትሃት... በአዳራሹ... ሁላችሁም...» ሲል ሰማሁ። ክው አልኩ። ከተማው ሞቷል ማለት ነው? መቼም ሲያጣጥር ነው የከረመው። እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ እንዴት እቀመጣለሁ? ለጎረቤት ሁሉ አዳረስኩና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ።

በር ላይ ባጅ ያንጠለጠለች፣ ቀጭን፣ ዓይነ ግቡ ልጅ ሰው ትቀበላለች። ናዝሬት ትባላለች፤ ማዘጋጃ ቤት ነው የምትሠራው።

«እማማ፣ ነፍስ ይማር። ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ይሄው ከተማው ነዋ። ፍትሃቱ ስንት ሰዓት ነው?»

ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል እንባዋ መጣ። «ፍትሃት አይደለም እማማ፣ ፍትሐዊነት ነው። የፍትሐዊነት ፖሊሲ እያረቀቅን ነው። ከተማው ያለውን ነገር ለሰው ሁሉ እንዴት ያካፍል የሚል ሕግ በሉት።»

ዞር ስል ከኋላዬ አምስት ስድስት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ዝም ብዬ የኔን አስተካከልኩና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እኔ የማላውቀው ነገር ከመጣ ሳላየው አላሳልፍም። ለማካፈል ሕግ የሚያወጣ ሰው አይቼ አላውቅማ።

ይበልጣል አጠገቤ ተቀምጧል። የሰፈሩ ተወካይ አድርገን የመረጥነው እኛው ነን፤ ማካፈል የተባለ ቦታ ሌላ ማንን እንልካለን? ለሁሉም አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ታደለ። የኔንና የሱን ጎን ለጎን አቆመና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «የእርስዎ ይበልጣል» አለኝ። ቀድሜ ተጎነጨሁለት።

ናዝሬት ነገሩን በአማርኛም በኦሮምኛም ታስረዳለች። «ወልቂጡማ» ስትል፣ እኩልነት ማለቷ ነው፣ ከኋላ አንዱ ሽማግሌ «ቂጣም አለ እንዴ?» አለ። ፍትሃት ከነቂጣው! ከዚያ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራች። ሦስት ልጆች በአጥር አሻግረው ኳስ ያያሉ። ሁሉም ሳጥን ላይ ቆመዋል፤ ረጅሙ ያያል፣ አጭሩ አልደረሰም። «ሳጥኑ እኩል ነው፣ ግን ፍትሐዊ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ለምን ከፍለው አይገቡም?» አለ ወልደጻድቅ፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ።

«የቢራ ሳጥን ነው እኮ» አለ ይበልጣል። «ባለቤቱ ማነው? መጀመሪያ እሱ ይጣራ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ናዝሬት ሥዕሉን አጠፋችና «እሺ፣ ስለ ቦኖ እናውራ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው አዳዲስ ቦኖ ሊተክል ነው፤ እስከ ዛሬ ወጉ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ነው። እኛ ታች ሰፈሮች አንድ ቦኖ አለን፣ ግማሻችን ደግሞ ቧንቧ በግቢያችን አለ። ላይ ሰፈር፣ የጭላሎን ተራራ ተደግፎ ዳገቱ ላይ የተሰቀለው፣ ጠብታ የለውም። ልጅቷ ያረቀቀችው ታዲያ፣ የኛ ድርሻ ወደ ላይ ይውጣ፣ ለነሱ ሁለት ይተከል፣ ቧንቧው እስኪዘረጋ ደግሞ ቦቴ ውሃ ያመላልስላቸው የሚል ነው። ታች ሰፈር ድርሻውን ከለቀቀ ማለት ነው።

የኛ አዲሱ ቦኖ ሊተከል የነበረው የት መሰላችሁ? የኔ በር ላይ። እኔ ውሃ አጥቼ አይደለም። ቦኖ ወረፋ አለው፤ ወረፋ ደግሞ ወሬ አለው። በሬ ላይ ተቀምጬ የአሰላን ዜና ከምንጩ ልጠጣ ነበር!

ይበልጣል ብድግ አለ። «እኩል ማለት እኩል ነው! ለኛ አንድ፣ ለነሱ አንድ። ለነሱ ሁለት የሚሆነው ሁለት ሆድ አላቸው?»

አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ከኋላ አንዲት ሴት ወንበሯን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች። ናኢማ ናት። የላይ ሰፈር ልጅ ናት፣ ወሯ ገብቶ ሆዷ ከፊቷ ቀድሟል።

«አዎ ጋሼ» አለች። «እኔ ሁለት ሆድ አለኝ።»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እሷ አልሳቀችም። «ወላሂ፣ ሌላ ነገር አልልም። የምፈራው ወረፋ ላይ እንዳልወልድ ነው» ብላ ተቀመጠች።

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቀረ።

ናኢማን አውቃታለሁ። በየቀኑ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ እኛ ጋ ትወርዳለች፣ ሞልታ ስትመለስ በሬ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ታሳርፋለች። «አኮ» ትለኛለች፤ አያቴ ማለት ነው በኦሮምኛ። እሷ ትንፋሿን ትወስዳለች፣ እኔ ወሬዬን እወስዳለሁ። ያን ሳምንት እዚያው ፊቴ ጭቃው አንሸራተታት። ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ በጉልበቷ ወደቀች፣ ውሃው ሁሉ ፈሰሰ። ደግፌ አነሳኋት። «ደህና ነኝ አኮ» አለችኝ። ቤቷ የገባች መሰላችሁ? ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመልሳ ወረፋ ያዘች። እሷ ይሄን ለአዳራሹ አልነገረችም።

ይበልጣል ፊቱ ቅጭም ብሏል። «አይ ልጄ፣ አዝናለሁ» አለ። «ግን ለማንም ተብሎ ሚዛን አይዛባም። ዛሬ ላንቺ ካዛባን ነገ ለሌላው ነው።»

ይሄን ጊዜ እጄን አወጣሁ። ናዝሬት ማይኩን አመጣችልኝ። ማይኩ ደስ ይላል፤ ወሬ በሹክሹክታ ሳወራ ስንት ዓመት ባክኛለሁ!

«ክቡር ጋሽ ይበልጣሉ» አልኩ። አንቱታውን ሲሰማ አንገቱን ቀበረ። «አንድ ነገር ይንገሩኝ። በየቅርጫው የኔ አዝራር ሁልጊዜ ለስላሳው መደብ ላይ የሚያርፈው ለምንድነው?»

«እጣ ነዋ እማማ! እጣ!»

«አይደለም። እኔም እጣ መስሎኝ ነበር። ግን ነገር ካልመረመርኩ እንቅልፍ አይወስደኝማ! አንድ ዓመት ሆን ብዬ በአዝራሩ ፋንታ ጠጠር ሰጠሁዎት። ምን ደረሰኝ? ጅማት! እርስዎም መደቡን ሳነሳ አይተው የታመመ ሰው መሰሉ። ዓይንዎ ተጨፈነ እንጂ ባርኔጣው ውስጥ ጣትዎ አልተጨፈነም። አዝራሩን ዳብሰው ያውቁታል!»

«ለካ!» ብሎ ወልደጻድቅ ዘለለ። «ለካ ለዚህ ነው እኔን በየዓመቱ ጅማት የሚደርሰኝ!»

ይበልጣል ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ ጮኸ። «እማማ ጥርስ የላቸው! እኩል ነው ብዬ አጥንት ላሸክማቸው? ምን አድርገው ሊበሉት ነው?»



«እሱን ነው እኮ የምለው፣ ጋሼ» አለች ናዝሬት፣ በለሆሳስ። «ሳጥኑ ማለት እሱ ነው።»

ይበልጣል አንገቱን ወደ ግራ ሰበረ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አንዴ ወደ እኛ ወንበር አየ፣ አንዴ ወደ ናኢማ። ሚዛኑ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲወጣ ሲወርድ ይታየኛል።

«የኛ ይበልጣል» አለ በመጨረሻ። «ወደ ላይ ይውጣ።»

የሰፈሩ ሰው በሱ አኮረፈ፣ በኔ ደግሞ ባሰበት፤ «ቦኖአችንን በምላሷ ሸጠች» ተባልኩ። ናኢማ ግን ቦቴው ደጇ እየመጣላት፣ ነሐሴ ላይ ሆስፒታል፣ አልጋ ላይ ወለደች። ወንድ ነው፤ ጉንጩ የጎመን ጥቅል ያህላል። ናዝሬትም ፖሊሲው ጸድቆ ሲወጣ ቤቴ ድረስ መጥታ አነበበችልኝ፦ «አገልግሎት የሚዳረሰው በእኩል ቁጥር ብቻ ሳይሆን እንደየአካባቢው ችግር ይሆናል...»

«ጥርሱን የት ጣላችሁት?» አልኳት።

«ውስጡ ነው እማማ። በመንግሥት አማርኛ ሲሆን አይታይም።»

ኅዳር ላይ የላይ ሰፈሮቹ ሁለት ቦኖዎች ውሃ ሰጡ፤ እኔም እንደፈራሁት በሬ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ድንጋዩ ላይ የሚያርፍ የለም፣ ወሬ የለም። ይሄን ማን እንዳየልኝ ታውቃላችሁ? ይበልጣል። አመሻሽ ላይ እየመጣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥና ወሬ ያወራልኛል። ወይ ወሬ! አንዱን ካማ ሚዛን እንዳይዛባ ወዲያው ያመሰግነዋል። እንደሱ የሚጎመዝዝ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ግን አንድ ምሽት እንኳ ቀርቶ አያውቅም።

ከዚያ የገና ቅርጫ መጣ። ሰዉ ሁሉ ይበልጣልን ከቦ ጣቱን ይጠብቃል። አዝራር ተከልክሏል፤ እጣውንም የሚጥለው መንገደኛ ነው ተባለ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጠርተው አቆሙ። እኔ ጅማቴን ለመቀበል ተዘጋጅቻለሁ፤ አፌ ያመጣብኝ ነው፣ ማንን እወቅሳለሁ?

ይበልጣል መደቦቹን ደርድሮ ጨረሰና አንዱን ኮባ እየጎተተ ለብቻው አወጣው። «ይሄ እጣ አይገባም» አለ፣ በሰው ሁሉ ፊት። «ጥርስ ለሌለው ነው።»

«እኔም እኮ መንጋጋዬን ያመኛል!» አለ ወልደጻድቅ።

«ና፣ ክፈት» አለው። እዚያው ሥጋው መሀል አፉን አስከፍቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየለት። «አንተ ጅማት ቀርቶ ቀንዱንም ትቆረጥማለህ። ዝጋ።»

ከዚያ እኔን ጠራኝ። ሥጋዬን አየሁ፤ ጉበት፣ ሻኛ፣ ለስላሳ ለስላሳው። ደስ አለኝና ልቀልድበት አንገቴን ወደ ግራ ሰበርኩ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ይሄኛው ይበልጣል» አልኩ።

ይሄ ሰው ቀልድ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ከሌሎቹ ጋር አስተያየው። «እውነትዎን ነው እማማ» ብሎ ከሻኛዬ አንዱን ቁራጭ አነሳና ወልደጻድቅ ፊት ያለው መደብ ላይ ጣለው።

ምላሴን ምነው በቆረጠው! ግን ሳቄ ቀደመኝ፣ ከሳቁ ጋር ሌላም ነገር መጣብኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ይበልጣሉ» አልኩት። «በእውነት ይበልጣሉ።»

ደነገጠ። «ምነው እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ወደ ቤቱ ፈጠነ። በሩን ሲዘጋው ሰማሁት። ሥጋዬን አቅፌ ተከተልኩትና በሩ ላይ ቆምኩ፤ አላኮረፍኩም ብለው፣ ተቆጥቼ አይደለም አንቱ ያልኩህ ብለው፣ ማን ይመነኝ! በበሩ ቀዳዳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ያየኛል።