ጠጋ ባዩ አቶ የኔሰው

አገር ያወቀውን ወሬ ካልተንሾካሾከ የማይናገር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የብቸናው ክቡር አቶ የኔሰው ናቸው። ሰማዩ ጠቁሮ እያጉረመረመ እንኳ ግራ ቀኝ አይተው፣ ክንድ ይዘው፣ "ጠጋ በይማ፣ ከእኔና ካንቺ አይለፍ፤ ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም" ይላሉ።

ችግሩ ወሬያቸው አልነበረም፤ አፋቸው ነበር። በጤና ጣቢያው የጥርስ ክፍል የምትሠራው ሥርጉት፣ ያን ሁሉ አፍ ያየችው፣ እሳቸውን ከሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። በሁዳዴ ማንም ክፉ አላሰበም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የዋለ አፍ ይደርቃል፣ መሽተቱም አይቀርም። እሳቸውም "ጾሙ ጠንቶብኝ ነው" እያሉ ኮራ ይሉ ነበር። ፋሲካ አለፈ፤ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም።

በሰኔ አንድ ጠዋት ራሳቸው ጥርስ ክፍል መጡ። እኒያ ጠጋ ባይ ሰውዬ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

"ሞጣ ልጄ ዘንድ ሄጄ ነበር" አሉ። "የልጅ ልጄን አርሴማን ልስማት ብል ፊቷን አዞረችብኝ። ሰውስ ይሉኝታ ይዞት ይሆናል፤ የአራት ዓመት ልጅ ምን ይሉኝታ አላት? ምን ሆኜ ነው ልጄ?"

ሥርጉት መንገድ በመቀየሯ አፈረች። ግን ኮሪደሩ በተራ ጠባቂ ሞልቷል፤ ጮክ ብላ ብትናገር ሽማግሌ ማዋረድ ነው። ተነስታ ክንዳቸውን ያዘች።

"ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉማ፤ ከእኔና ከእርስዎ አይለፍ" ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

አፋቸውን ሲከፍቱ ነገሩ ተገለጠ። ድዳቸው አብጧል፤ በተቦረቦረው መንጋጋቸው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ተወትፏል። ለሕመሙ ብለው የጀመሩት ነው፤ ሰው ሲሸሻቸው ጊዜ ደግሞ በሽታው ጠንቷል ብለው ጨመሩበት።

ጥርሱ ተነቀለ፣ የቀረው ተፋቀ። ጠዋትና ማታ ጥርስም ምላስም መቦረሽ ታዘዘ። "ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥ ይተዉት" አለቻቸው።

ለእንቁጣጣሽ ሞጣ ደርሰው ሲመለሱ ገበያ መሃል አገኟት።

"ጠጋ በይማ።"

እግሯ በልማዱ ወደ ኋላ ሊል ቃጣው። ጆሮዋን ሰጠቻቸው።

"ሳመችኝ" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "ሁለቴ። ከእኔና ካንቺ አይለፍ።"

ሥርጉት ለማንም ላትናገር ቃል ገባች። ጤና ጣቢያው እስክትደርስ ግን የስድስት ሰው ክንድ ይዛ "ጠጋ በልማ" ብላለች።