አንድ እይታ የሚበቃቸው ሰውዬ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰውን ገና ከበር ሲገባ አንብቦ የሚጨርስ አንድ ሊቅ አይጠፋም። የኛ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሊቅ የቅጥር ኃላፊው ጋሼ ናቸው፤ በሌሉበት «ክቡር ሊቀ-ዓይን» እንላቸዋለን። «ሰው በጫማው ይታወቃል። ለእኔ አንድ እይታ ይበቃኛል» ይላሉ።

የአመልካቿ ጫማ ከተወለወለ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። ተረከዙ በአንድ ጎን ካለቀ ኮሌታ ታጣምማለች። አንዴ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ «አንተ ለስፌት አትሆንም» ብለው ከበር መለሱት። «መች እሰፋለሁ አልኩ?» ቢላቸው፣ «አየህ፣ አወቅኩብህ!» አሉት።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። አለቆቻችን አመልካች የሚያጣራ ፕሮግራም አስገቡና፣ ጋሼ ለዓመታት የቀጠሯቸውንና የመለሷቸውን ሰዎች የፊት ፎቶ አጎረሱት። ጋሼ ደረታቸውን ነፉ። «የኔን ዓይን እኮ ነው የወረሰው!»

በዚያው ሰሞን እህቴ አመለከተች። የነበረችበት ስፌት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ይዛ እኔ ጋ ናት። እጇ ወርቅ ነው፤ ወንድሟ ስለሆንኩ አይደለም፣ የለበስኩትን ሸሚዝ እዩት። ኮምፒውተሩ ግን ፎቶዋን አይቶ «አትመጥንም» አለ።

የፋብሪካውን የኮምፒውተር ባለሙያ ምክንያቱን እንድታይልኝ ለመንኳት። እሷም ሌላ ፎቶ ጠየቀችኝ፤ እህቴ መነጽሯን አውልቃ የተነሳችውን ከስልኬ ሰጠኋት። «ትመጥናለች!» አለ፣ ያው ማሽን። ባለሙያዋ የድሮዎቹን ፎቶዎች ብታገላብጥ፣ ከተቀጠሩት መካከል ባለመነጽር አንድ እንኳ የለም።

ይህን ስንነግራቸው ጋሼ በገኑ። «ይሄን ደደብ ማን አባቱ ነው ያስተማረው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እኔ እኮ ጫማ ነው የማየው!» አሉ።

«ፎቶው ላይ ጫማ የለማ» አለች ባለሙያዋ።

በሩን ወርውረውት ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አላውቅም ነበር» አሉ። «እውነቴን ነው፣ ልጆቼ፣ አላውቅም ነበር።» ወዲያው የእህቴን የስፌት ናሙና አስመጡ። ጨርቁን አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። በመጨረሻ ከውስጥ ኪሳቸው፣ ማናችንም አይተነው የማናውቀውን መነጽር አውጥተው ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ጫማውንም በቅጡ አያዩትም ኖሯል!

«ይህቺ ልጅ ነገውኑ ትግባ» አሉ።

አሁን በፋብሪካችን አመልካች መጀመሪያ ይሰፋል፣ ፊቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩም ትምህርቱን እንደገና ከሀ ጀምሯል። ጋሼ ደግሞ መነጽራቸውን በአደባባይ ያደርጋሉ። እኔ እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ በጡረታ ዋዜማ ማየት የሚማር ሰው ስንት አለ?

ትናንት አንዲት አመልካች ተረከዙ ያለቀ ጫማ አድርጋ ብቅ አለች። ጋሼ ዝቅ ብለው አዩና «ለእኔ አንድ እይታ...» ብለው ጀመሩ። ከማሽኗ ቀና ያለችውን እህቴን ሲያዩ ግን ሳቃቸው መጣ።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉ። «እስቲ መጀመሪያ ስፌትሽን ልየው።»