ቡታ ሪድዋን ክር ሲመርጥ

መራጭ የሌለበት ሰፈር የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጫማ ሊገዛ ገብቶ የሱቁን መደርደሪያ በሙሉ መሬት ካስወረደ በኋላ «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ብሎ የሚወጣው ሰውዬ ነው። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት «ሌላስ ምን አላችሁ?» የሚለውም እሱ ነው። ቀብር ሲሄድ የትኛው ዛፍ ሥር መቆም እንደሚሻል ሲያማርጥ ሰዉ አፈር አልብሶ ይመለሳል።

የእኛ የወደብ ሰፈር የካልክ ቤይ መራጭ ግን የመራጮች ሁሉ አለቃ ነው። ስሙ ሪድዋን ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ እንደ አገሩ ወግ «ቡታ ሪድዋን» እለዋለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ እንደማለት ነው። በሌለበት ግን «ክቡር ሊቀ መራጮች» እንለዋለን። የቤቱ አጥር እስከ ዛሬ አንድ ቀለም የለውም። ይሻል ይሆናል ያለውን ሁሉ በመዳፍ በመዳፍ ቀብቶ እያየ ስለሆነ፣ የሰፈሩ ሕፃናት የቀለም ስም የሚማሩት እዚያ ግንብ ሥር ነው። ባለቤቱ ወሲላ ስትጫወት «እኔን መርጦ እስኪጨርስ ታናናሽ እህቶቼ ተድረው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል» ትላለች። እሱ አይናደድም። «ታዲያ ተሳሳትኩ?» ይላታል።

ሥራው ልብስ ስፌት ነው። መቀሱ ከኪሱ፣ ሜትሩ ከአንገቱ አይለይም። ይለካል፣ ደግሞ ይለካል፣ ባለቤቱን ጠርቶ ያስለካል። ሙሽራ ሱሪውን በሠርጉ ጠዋት የሚረከበው ከቡታ ሪድዋን ዘንድ ብቻ ነው። አንድም ሱሪ ግን ጠቦ ወይም ሰፍቶ ተመልሶ አያውቅም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ቱና ዓሣ ላጥምድ ብሎ የተነሣው።

ነገሩ የልጅነት ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ ወደቡ ግንብ ላይ ቆሞ ሰው የሚያህል ቱና ከጀልባ ሲወርድ ያይ ነበር። አንድ ቀን አንዱን በራሴ እጅ አወጣለሁ ብሎ ለራሱ ምሏል፣ እስኪሸብትም አልረሳውም። የአጎቴ የኢግሳን ጀልባ ላይ ቦታ ያስገኘሁለት እኔ ነኝ። ወሲላም ሳሎኗ ውስጥ ከሠርጋቸው ፎቶ አጠገብ ያለውን ግድግዳ አራቁታ ትጠብቃለች። ሪድዋን ከነቱናው የሚሰቀለው እዚያ ነው።

አጎቴ ኢግሳን ደግሞ ሕግ አለው። በጀልባው ላይ መጀመሪያ የነከሰው ዓሣ የአዲሱ ሰው ነው። ማንም የማጥመጃ ዘንጉን አይነካበትም። ካወጣው ወንድ ሆነ፣ ስሙ በጀልባው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይጻፋል። ካመለጠው ወቅቱ እስኪያልቅ ድረስ ሻይ ቀጂ ነው፣ መንጠቆ በዓይኑ እንጂ በእጁ አያይም። ይህን በደንብ የማውቀው ሻይ ቀጂው እኔ ስለሆንኩ ነው። ስለዚህ ሪድዋን ያለው ዕድል አንድ ነው። ለመራጭ ሰው ከዚህ የባሰ ዜና የለም።

ዕቃ የምንገዛው ሳይመንስ ታውን ካለው ከክሊፎርድ ሱቅ ነው። ክሊፎርድ ገና በሩ ላይ ሲያየን ከጓዳ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠልኝ።

«ተቀመጥ ማንሱር።»

«አልቀመጥም። አሁን እንሄዳለን» አልኩት። ከተቀመጥኩ ነገሩ ረጅም መሆኑን ማመኔ ነው፣ ስለዚህ በአቋሜ ጸናሁ። ያን ጊዜ ክረምቱ ገና ሊገባ ነበር። ክረምቱ ወጣ፣ በጋውም ጠባ፣ እኔ ግን ያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነበር።

መጀመሪያ ዘንጉ ላይ የሚታሰረው የክር ማጠንጠኛ መጣ። ክሊፎርድ ሁለት አወጣ። አንደኛው ወርቅማ፣ የሕፃን ራስ የሚያክል፣ ኃይለኛ ግን ዘገምተኛ ነው። ሁለተኛው ጥቁር፣ አነስ ያለ፣ ግን ክሩን በፍጥነት የሚሰበስብ።

«ሁለቱም ቱና ያወጣሉ» አለ ክሊፎርድ። «ደስ ያለህን ውሰድ።»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለ ሪድዋን።

ከዚህ አፍ «አንድ ነገር ብቻ» ከወጣ ምሳችሁን በልታችሁ መምጣት ትችላላችሁ። ዓሣው ወደ ታች ቢሮጥስ? ወደ ላይ ቢሮጥስ? ወደ ጀልባው ቢመጣስ? ክሩ እንዳይሮጥ የሚይዘው ፍሬን ውኃ ቢገባውስ? እጀታው የሚስማማው ለቀኝ እጅ ነው ለግራ? እኔ ቀኜን ነው የምጠቀመው፣ ግን መቀስ ስይዝ ትንሽ ወደ ግራ አደላለሁ፣ ይሄስ እንዴት ይታያል? ክሊፎርድ በትዕግሥት የታወቀ ሰው ነው። ሆኖም አንድ ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ከፍቶ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።

በመጨረሻ ሪድዋን ሁለቱንም ማጠንጠኛ ለሙከራ ተውሶ ሄደ። ሙከራው ምን መሰላችሁ? ክሩን የኔ ፒክአፕ ኋላ ላይ አሰረና «አንተ ቱና ነህ፣ ንዳ» አለኝ። እሱ ሜትሩን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ነጠላ ጫማውን አድርጎ፣ ዘንጉን ሆዱ ላይ ደግፎ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እኔም ነዳሁ። ለካ ፍሬኑን ከመጠን በላይ አጥብቆታል። በመስታወት ሳይ ሪድዋን ዘንጉን እንደያዘ በዋናው መንገድ ከኋላዬ እየሮጠ ነው።

«አቁም! አይ፣ አታቁም! እያስተካከልኩ ነው!»

አንድ ነጠላ ጫማው ባቡር ጣቢያው ጋ ቀረ። ዓሣ ሻጮቹ ዕቃ ሰርቄው የማመልጥ መስሏቸው መንገድ ዘጉብኝ። አንዷማ «ሌባ! የልብስ ሰፊውን ማሽን ጭኖ!» ብላ ሰኖክ በሚባል ዓሣ ጭራ መታችኝ። ሪድዋን ደረሰ፣ ተነፈሰና «ጥቁሩ ይሻላል» አለ። ሁለት ቀን ሰውነቴ ዓሣ ዓሣ ሲሸት ቢሰነብትም ደስ አለኝ፣ ማጠንጠኛው ተመረጠ።

ቀጥሎ ክሩ መጣ። እዚህ ላይ ክቡርነታቸው በሙያቸው ገቡ። የተጎነጎነውን ክር በጣቱ አሸ፣ በጥርሱ ነከሰ፣ ከጆሮው አስጠግቶ ወጥሮ እንደ ክራር መታው። ሠላሳ ዓመት ከክር ጋር የኖረ ሰው ነውና አላፌዝበትም፣ ደህናውን ከመጥፎው በደቂቃ ለየው። ችግሩ ቀለሙ ነበር።

«ቡታ፣ ዓሣው ቀለሙን አያይም» አለ ክሊፎርድ።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ። ዓሣውን ማን ጠየቀው?»

ብዙ ሳምንት ካለፈ በኋላ አረንጓዴው ተመረጠ። ዓርብ ሆኗል፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ጀልባው ይነሣል። ክሊፎርድ ክሩን እየጠቀለለ አንድ የመጨረሻ ነገር አስታወሰ።

«ስማኝ ቡታ፣ ይሄ ጉንጉን ክር ሙልጭልጭ ነው። ክሩ በሚጠቀለልበት በማጠንጠኛው ከበሮ ላይ እርቃኑን ካጠነጠንከው ይንሸራተታል። ከሥር ትንሽ የናይለን ክር አስቀድምለት።»

«የትኛውን ናይለን?»

«ማንኛውንም።»

«ማንኛውንም?» አለ ሪድዋን፣ ፊቱ አመድ መሰለ። «ማንኛውም» የሚባል ዕቃ በእሱ ዓለም የለም። የናይለኑን መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር አየው። ክሊፎርድ የሱቁን መዝጊያ እስከ ወገባችን አወረደው፣ እኔም የሪድዋንን ክንድ ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። ያንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ናይለን መኖር አለመኖሩን ያየ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ባሕሩ ለስላሳ ነበር። ከኬፕ ፖይንት አልፈን መሬቱ ከዓይን ሲጠፋ የወሲላን ሳምቡሳ በላን፣ ሻይ ቀዳሁ። ሪድዋን ሕይወቱን ሙሉ ሲመኘው በኖረው የአጥማጅ ወንበር ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። አጎቴ ኢግሳን እንኳ ጥቁሩን ማጠንጠኛ አይቶ «ጥሩ መርጠሃል» አለው። ሪድዋን በኩራት አበጠ።

ከዚያ ዘንጉ ተቆለመመ።

«ያንተ ነው! ያዝ!» ሲል ጮኸ አጎቴ።

ሪድዋን ያዘ። እጀታውን አዞረ፣ አዞረ፣ አዞረ። ላቡ በጢሙ ወረደ። እጀታው ይዞራል፣ ከበሮውም ይዞራል፣ ክሩ ግን አንድ ስንዝር አይመጣም። አረንጓዴው ክር በሙሉ እንደላላ ቀበቶ ከበሮው ላይ ይንሸራተታል።

«ከሥሩ ምን አድርገህበታል?» አለ አጎቴ።

«ቆይ…»

«ከሥሩ ምን አለ ነው የምልህ!»

«ገና አልወሰንኩም!» አለ ሪድዋን።

አጎቴ ኢግሳን መሪውን እንደያዘ ወደ ሰማይ አየ። ስድስት ልጅ አሳድጓል፣ ብዙ ማዕበል አይቷል፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ሕጉ ዘንጉን ማንም አይንካ ይላል፣ ስለ ክሩ ግን ምንም አይልም። ስለዚህ አዛውንቶቻችን እንደሚያደርጉት፣ ከመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ተቆርጦ የተሠራውን የጣት መከላከያ አጥልቄ ክሩን በእጄ መሳብ ጀመርኩ። ሪድዋን ዘንጉን ይዟል፣ እኔ ክሩን እየሳብኩ እግሬ ሥር እቆልላለሁ። መጣ። እየከበደ መጣ። ጀርባው ሰማያዊ፣ ክንፉ እንደ ማጭድ የረዘመ ቱና ከጀልባው ጎን በራ።

«አየሁት!» አለ ሪድዋን። ድምፁ የትንሽ ልጅ ነበር።

ዓሣውም እኛን አየን። ገልበጥ ብሎ ወደ ጥልቁ ተወረወረ። ክሩ ከእጄ አመለጠ፣ እግሬ ሥር የቆለልኩት ሁሉ እየዘለለ ተከተለው፣ አንዱ ቀለበት ቁርጭምጭሚቴን ጠልፎ ጠበቀ። ወደቅሁ። የጀልባው ጠርዝ ጀርባዬ ሥር ገባ፣ እግሬ ከጀልባው ውጭ ነው፣ የቀረው አካሌም እየተከተለው ነው። መጮኼን እንጃ።

አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። እግሬ ተለቀቀ።

ቀና ስል ሪድዋን መቀሱን ይዞ ቆሟል። ያ ሳይለካ ቆርጦ የማያውቅ ሰው፣ ጨርቄን ማቄን ሳይል፣ ዘንጉን ወርውሮ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የመረጠውን ክር ቆርጦታል። አረንጓዴው ጫፍ ውኃው ላይ ትንሽ ታየና ቱናውን ተከትሎ ሰጠመ።

ሪድዋን ተንበርክኮ ካልሲዬን አወረደ።

«ጣቶችህን አንቀሳቅስ።»

«ቡታ፣ ዓሣህ…»

«አንቀሳቅስ አልኩህ።»

አንቀሳቀስኩ። ያን ጊዜ ብቻ ተነፈሰ።

«ትንሽ እንኳ አላመነታህም?» አልኩት።

«ምኑን?» አለ። ማሾፌ መስሎት ተቆጣ። «ምን የሚመረጥ ነገር አለ እዚህ ውስጥ?»

ሊቀ መራጮች ብዬ የሳቅሁበትን ሁሉ አስታውሼ እንባዬ መጣ፣ የባሕር ጨው ነው አልኳቸው።

አጎቴ ኢግሳን ሕጉን አያጥፍም። ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ ለሪድዋን ሰጠው፣ ግን ሁለት ጊዜ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አሁን ሻይ ቀጂዎቹ ሁለት ነን። ሥራው ግን አልቀለለልኝም፣ ቡታ ሪድዋን ስኳር ሲቀድም ነው ወተት ሲቀድም የሚሻለው የሚለውን ገና አልወሰነም። የወሲላ ግድግዳም እንደተራቆተ ነው። «ምን ይሰቀልበት?» ስትለው «እስቲ ልይ» ይላታል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሚቀጥለው ወቅት ብለን ወደ ክሊፎርድ ሱቅ ሄድን። ሪድዋን ከርካሹ ናይለን መደርደሪያ ፊት ቆሞ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አለ።

ክሊፎርድ እንደ ልማዱ ወንበሩን አመጣ። እኔም ስቤ ተቀመጥኩ፣ ጫማዬንም አወለቅሁ።